ከሚበላው ይልቅ የሚፈጨው፦ በጫጩት መኖ ውስጥ የአኩሪ አተር አማራጮች

ክቡራትና ክቡራን፣

ከሚዛኑ እንነሳ። ዛሬ ከእንቁላል የወጣ የሥጋ ዶሮ ጫጩት ከ40 እስከ 45 ግራም ይመዝናል። በ7ኛው ቀን ከ180 እስከ 200 ግራም ሊደርስ ይገባል። በአንድ ሳምንት ከአራት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው፤ በቀረው ዕድሜው እንዲህ ያለ ሳምንት ዳግም አያገኝም። የሚበላው ግን ትንሽ ነው። በእነዚህ ሰባት ቀናት ውስጥ ከ150 እስከ 170 ግራም፣ እስከ 10ኛው ቀን ቢደመር ደግሞ 300 ግራም ገደማ ነው። ለእርድ እስኪደርስ ከሚጨርሰው ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም መኖ ውስጥ ይህ ከ6 እስከ 7 በመቶ ቢሆን ነው።

ስለ አማራጭ ፕሮቲን ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «አኩሪ አተርን በምን ተክቼ ወጪዬን ልቀንስ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን የጫጩት መኖ አይደለም። ብዙው መኖ የሚበላው ከ20ኛው ቀን በኋላ ስለሆነ ቁጠባውም እዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት አንድን አማራጭ የምንመርጠው ገና ላልጠና አንጀት ስለሚመች ብቻ መሆን አለበት። በዚህ ዓይን ሲታይ ለትልልቅ ዶሮዎች ጥሩ የሚባለው ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ወደ ኋላ ይቀራል፤ ለትልልቆቹ ውድ ነው ተብሎ የሚተወው ደግሞ ለጫጩት ወደ ፊት ይመጣል።

የጫጩቱ አንጀት ምን ይችላል?

ጫጩት ስንቁን ይዞ ነው የሚወለደው። ሆዱ ውስጥ ያለው የአስኳል ከረጢት ከ5 እስከ 8 ግራም ይመዝናል፤ በ4 እና በ5 ቀናት ውስጥ ያልቃል። ከእናቱ የወረሰው የበሽታ መከላከያም እዚያው ውስጥ አለ። ይህን አይተው «አስኳል ስላለው ሁለት ቀን ባይበላም አይጎዳም» የሚሉ አሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። መኖ ሲገባ አንጀቱ ይንቀሳቀሳል፤ የአንጀቱ እንቅስቃሴ አስኳሉን ወደ አንጀት እየሳበ ጥቅም ላይ እንዲውል ያግዛል። ቶሎ የበላ ጫጩት አስኳሉንም ቶሎ ይጨርሳል። የዘገየው ግን ለአንጀት ግንባታ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ለሕይወት ማቆያ ያቃጥለዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ከሌላው አካል ሁሉ ቀድሞ የሚያድገው ትንሹ አንጀት ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት ጣት መሰል ቅንጣቶች ይረዝማሉ፤ ምግብ የሚመጠጥበት ስፋት በየቀኑ ይጨምራል። ጨጓራው በቂ አሲድ ማመንጨት፣ ቆሽቱም ትሪፕሲንና ሌሎች ፈጪ ኢንዛይሞችን በሙሉ አቅሙ ማቅረብ ገና አልጀመሩም። በዚህ የተነሳ አንድ ዓይነት መኖ በ4ኛው ቀን ሲበላ ከፕሮቲኑ የሚፈጨው 80 በመቶ ገደማ ሲሆን በ21ኛው ቀን ከ90 በመቶ ያልፋል። ሐሞቱም ገና አነስተኛ ስለሆነ እንደ ሞራ ያሉ ሲቀዘቅዙ የሚረጉ ስቦችን በደንብ አይፈጭም።

ሳይፈጭ ያለፈው ፕሮቲን መዘዙ ብዙ ነው። ወደ ታችኛው አንጀት ወርዶ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስን ለመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ቀለብ ይሆናል። ተመጥጦ ግን ለእድገት ሳይውል የቀረው ደግሞ ዩሪክ አሲድ ሆኖ ይወጣል፤ ለዚያም ጫጩቱ ተጨማሪ ውኃ ይጠጣል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ አሞኒያ ይነሳል። በ3ኛው ሳምንት የሚታየው የአንጀት መቁሰልና የእግር መዳፍ መላጥ ብዙ ጊዜ መነሻው እዚህ ነው።

የመኖ ከረጢት ላይ የሚጻፈው «ድፍድፍ ፕሮቲን» የሚባለው ቁጥር ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይነግረንም። እርሱ በላቦራቶሪ የተለካ ናይትሮጅን በ6.25 ተባዝቶ የተገኘ ነው። ዩሪያም ናይትሮጅን አለው፤ ላባም አለው። ጫጩቱ የሚፈልገው የሚፈጭ ላይሲን፣ ሜታዮኒን ከሲስቲን ጋር፣ ትሪዮኒን፣ ቫሊንና ሌሎቹን አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸውን ንጥረ ነገሮች) በተመጣጠነ መልኩ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት መኖ የምንነሳበት ልክ የሚከተለው ነው፦ የሚፈጭ ላይሲን 1.28 በመቶ፣ የሚፈጭ ሜታዮኒንና ሲስቲን በድምሩ 0.95 በመቶ፣ የሚፈጭ ትሪዮኒን 0.86 በመቶ፣ ኃይል በኪሎ ከ2,950 እስከ 3,000 ኪሎ ካሎሪ። ድፍድፍ ፕሮቲኑ ከ22 እስከ 23 በመቶ ላይ ያርፋል።

አኩሪ አተር፦ ጥንካሬውም ችግሩም

የአኩሪ አተር ፋጉሎ የሁሉም መለኪያ የሆነው በከንቱ አይደለም። ከ44 እስከ 48 በመቶ ፕሮቲን አለው፤ ከፕሮቲኑ ውስጥ ከ6 በመቶ በላይ የሚሆነው ላይሲን ነው። ድክመቱ ሜታዮኒን ላይ ነው፤ እርሱ ደግሞ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሜታዮኒን በመጨመር በቀላሉ ይሞላል።

የጫጩት መኖ በአኩሪ አተር ብቻ ሲሠራ ግን ከ38 እስከ 40 በመቶው ፋጉሎ ይሆናል። ያኔ ሦስት ነገሮች ይደራረባሉ። ፋጉሎው ራፊኖዝና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች ከ5 እስከ 6 በመቶ ይይዛል፤ ዶሮ እነዚህን የሚሰብር ኢንዛይም የለውም፤ ስለዚህ ታችኛው አንጀት ውስጥ ይቦካሉ። ፖታሲየሙም 2 በመቶ ገደማ ስለሆነ ውኃ ያስጠጣል። ሦስተኛውና ትልቁ የማብሰሉ ጉዳይ ነው። በደንብ ያልበሰለ አኩሪ አተር ትሪፕሲንን የሚያግድ ንጥረ ነገር ይዞ ይቀራል፤ ትሪፕሲኑ ገና ጥቂት ለሆነ ጫጩት ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ከመጠን በላይ የበሰለውም አይጠቅምም፤ ላይሲኑ ከስኳር ጋር ተጣብቆ የማይፈጭ ይሆናል።

ስለዚህ አማራጭ ከመፈለግ በፊት በእጅ ያለውን አኩሪ አተር መመርመር ያስፈልጋል። የፋጉሎውን አበሳሰል በዩሪየስ ኢንዛይም የሚለካው የዩሪየስ ምርመራ የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ለውጡን ከ0.05 እስከ 0.20 ካሳየ ጥሩ ነው። በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚሟሟው ፕሮቲን ከ78 እስከ 85 በመቶ መሆን አለበት፤ ከዚያ ዝቅ ካለ ተቃጥሏል። ላቦራቶሪ ለሌለው ዩሪያና ፌኖል ሬድ የተቀላቀለበት ብርቱካናማ ፈሳሽ በፋጉሎው ላይ አፍስሶ 5 ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። እስከ ሩብ የሚሆነው ገጽ ቀይ ነጠብጣብ ካሳየ ደህና ነው፤ ከግማሽ በላይ ከቀላ ጥሬ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አንድም ቀይ ካልታየ ከልክ በላይ በስሏል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ራሱን አኩሪ አተሩን ማሻሻልም አንድ አማራጭ ነው። በባሲለስ ሰብቲሊስ ወይም በአስፐርጊለስ ኦራይዜ የቦካ ፋጉሎ ስኳሮቹ ይቀንሳሉ፣ ትላልቆቹ ፕሮቲኖች ይሰባበራሉ፣ ትሪፕሲን አጋጁም ይዳከማል። ከጫጩት መኖ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢገባ የአንጀቱን ሸክም ያቀላል። ጥንቃቄው ማድረቁ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ከበዛ ያተረፍነውን ላይሲን መልሰን እናቃጥለዋለን። በዘፈቀደ ሻጋታ የያዘው ደግሞ ቦካ አይባልም፤ ተበላሸ ነው።

የነፍሳት እጭ

አሁን ብዙ ወደሚያነጋግረው እንምጣ። ብላክ ሶልጀር ፍላይ የሚባለው ዝንብ እጭ ደርቆ ሲፈጭ፣ ስቡ ካልወጣ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲንና 30 በመቶ ገደማ ስብ ይይዛል። ስቡ ከተጨመቀ ፕሮቲኑ ከ50 እስከ 60 በመቶ ይደርሳል። የአሚኖ አሲድ አሰላለፉ ወደ አኩሪ አተር የቀረበ ሲሆን ሜታዮኒኑ ግን እንደ ዓሣ ዱቄት አይደለም። ራፊኖዝ የለበትም፣ ትሪፕሲን አጋጅም የለበትም። ስቡ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ሎሪክ አሲድ ነው፤ ይህ መካከለኛ ርዝመት ያለው ሰንሰለት የያዘ ስብ ሐሞት ላልበረታለት ጫጩት እንኳ በቀላሉ ይፈጫል፣ አንዳንድ ጎጂ ባክቴሪያዎችንም ያዳክማል። በእኛ እምነት ለጨቅላ ጫጩት ተስፋ የሚጣልበት አማራጭ ይህ ነው፤ ጥራቱ ከታወቀ።

ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ሂሳቡ ላይ ነው። የእጩ ቆዳ ካይቲን የሚባል ናይትሮጅን ያዘለ ነገር አለው፤ በላቦራቶሪ ውጤት ላይ ፕሮቲን መስሎ ይቆጠራል። ለዚህ እጭ ናይትሮጅኑን በ6.25 ማባዛት ያጋንናል፤ የሚቀርበው ቁጥር 4.76 ነው። በወረቀት 55 በመቶ የተባለ የእጭ ዱቄት እውነተኛ ፕሮቲኑ 42 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። የ55ቱን ቁጥር አምኖ አኩሪ አተር ቀንሶ የቀመረ ሰው ጫጩቱን ሳያውቅ አስርቧል። ስለዚህ ከሻጩ መጠየቅ ያለበት የአሚኖ አሲድ ምርመራ ነው፤ ቢያንስ የላይሲን።

ሁለተኛው ካልሲየም ነው። እጩ እንደ በላው ነገርና እንደ ዕድሜው ከ1 እስከ 5 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ካልሲየም ይይዛል። 5 ኪሎ በኩንታል ቢገባና 5 በመቶ ካልሲየም ቢኖረው ብቻውን 0.25 በመቶ ያመጣል። የኖራ ድንጋዩ በዚያ ልክ ካልተቀነሰ ካልሲየሙ ፎስፈረሱን አስሮ ይዞ የእግር ድክመት ያስከትላል።

አዘጋጅተው ለሚጠቀሙ፦ እጩን ሰውነቱ ገና ነጣ ያለ ሳለ ሰብስቡት። ቀለሙ ጠቁሮ ወደ ዝንብነት ለመለወጥ ሲዘጋጅ ቆዳው ይጠነክራል፣ ካይቲኑም ይጨምራል። የተሰበሰበው በንጹሕ ውኃ ከታጠበ በኋላ በፈላ ውኃ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ይነከር፤ ይህ ጀርም ይገድላል፣ እንዳይጠቁርም ያደርጋል። ማድረቂያው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች እስኪወርድ ይቆይ። ስቡ ያልወጣለት ዱቄት ቶሎ ይሻግታል፤ መጥፎ ሽታ ያመጣ ዱቄት ለጫጩት አይሰጥም። እጩ የሚያድግበትን ነገር ምረጡ፤ እጭ ከባድ ብረቶችን ከሚበላው ነገር ወደ ሰውነቱ ያከማቻል። የአውሮፓ ኅብረት የነፍሳት ፕሮቲንን ለዓሣ እርባታ በ2017፣ ለዶሮና ለአሳማ ደግሞ በ2021 ሲፈቅድ በእበትና በምግብ ቤት ትራፊ የተቀለበ እጭን ያገለለው ያለ ምክንያት አይደለም።

መጠኑ ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ከ3 እስከ 5 በመቶ ይሁን። እስከ 10 በመቶ ማድረስ ይቻላል፤ ወደ 15 በመቶ ሲጠጋ ግን መኖ ወደ ሥጋ የመለወጥ ብቃቱ ይወርዳል፣ የአንጀት ቅንጣቶቹም ያጥራሉ።

የዓሣ ዱቄት

ጥሩ የዓሣ ዱቄት ከ60 እስከ 65 በመቶ ፕሮቲን አለው፤ በላይሲንም በሜታዮኒንም የታደለ ነው። ከ2 እስከ 4 በመቶ ቢገባ ለጫጩት ጥሩ አጋር ነው። ችግሩ «የዓሣ ዱቄት» በሚለው ስም የሚሸጠው ነገር ብዛት ነው። ዩሪያ ተጨምሮበት ፕሮቲኑ የተጋነነ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት፣ ጨው የበዛበት ይገኛል። ጥቂቱን በብርጭቆ ውኃ በትኖ ማየት አሸዋውን ወዲያው ከሥር ያሳያል። ጨውን ግን ማስለካት ያስፈልጋል። 10 በመቶ ጨው ያለበት ዱቄት 4 ኪሎ በኩንታል ቢገባ 400 ግራም ጨው ይዞ ገባ ማለት ነው፤ ሌላ ጨው ከጨመርንበት ጫጩቱ ከልክ በላይ ይጠጣል፣ ጉዝጓዙም በሁለት ቀን ጭቃ ይሆናል።

ከመጠን በላይ በሞቀ ማድረቂያ የወጣው ደግሞ ጊዜሮሲን የሚባል መርዛማ ነገር ይፈጥራል። የጡንቻማው ጨጓራ ውስጠኛ ሽፋን ይላጣል፣ ይደማል፤ የሞተውን ጫጩት ስትከፍቱ ጥቁር ፈሳሽ ታገኛላችሁ። በዱቄቱ ቀለም መጥቆርና በተቃጠለ ሽታ አስቀድሞ መጠርጠር ይቻላል። ሳልሞኔላም አለ፤ በሙቀት ተጨምቆ ፔሌት (ጠንካራ ቅንጣት) ያልተደረገ መኖ ውስጥ የዓሣ ዱቄት የሚያስገባ ሰው ምርመራ ሳያይ አይግዛ።

የደም ዱቄት ፕሮቲኑ ከ80 በመቶ በላይ ቢሆንም አይሶሉሲን የለውም ማለት ይቻላል፣ ሉሲኑ ደግሞ ሞልቶ ተርፏል፤ ከ2 በመቶ አይለፍ። የላባ ዱቄት በግፊት ካልበሰለ ጫጩት አይፈጨውም፤ ቢበስልም በዚህ ዕድሜ አንመክረውም።

ፋጉሎዎች

እዚህ ላይ ፍርዳችን ጠንከር ያለ ነው። አብዛኞቹ ፋጉሎዎች ከ10ኛው ቀን በኋላ ቢመጡ ይሻላል።

የሱፍ ፋጉሎ መርዛማ ነገር የለበትም፤ ችግሩ አሰሩ ነው። ከነልጣጩ የተጨመቀው ከ25 በመቶ በላይ አሰር ይይዛል። የተላጠው ብቻ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይግባ። ሰሊጥ በሜታዮኒን ሀብታም፣ በላይሲን ድሃ ነው፤ ከአኩሪ አተር ጋር አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ፋይቴቱና ኦክሳሌቱ ካልሲየምና ዚንክ ስለሚያስሩ ከ5 በመቶ አይበልጥ፣ ፋይቴትን የሚሰብረው ፋይቴዝ ኢንዛይምም አይለየው። የኑግ ፋጉሎም አሰሩ ከፍ ያለ፣ ላይሲኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ለትልልቆቹ ይቆይ። የጎመን ዘር ፋጉሎ ግሉኮሲኖሌት የሚባለው ጎጂ ንጥረ ነገሩ ዝቅተኛ ከሆነ ዝርያ መሆኑ ከታወቀ እስከ 5 በመቶ ይፈቀዳል፤ ካልታወቀ እንቅርት ዕጢን ያሳብጣል፣ የሚጎመዝዝ ጣዕሙም መኖውን ያስጠላል።

ለውዝ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ፕሮቲኑ ጥሩ፣ ጣዕሙም የሚወደድ ነው፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ግን ከሁሉም ይልቅ እርሱን ይወዳል። የጫጩት ጉበት ይህን መርዝ አይችልም። የተገዛው ፋጉሎ በኪሎ ከ20 ማይክሮ ግራም በላይ ካለበት ለጫጩት አይሆንም፤ በታችም ሆኖ የዝቅተኛው ዝቅተኛ ይመረጣል። ዓይን አያየውም፤ ሻጋታ ያልታየበት ፋጉሎ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎን የምናነሳው ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ ነው። ነጻ ጎሲፖል የሚባለው ንጥረ ነገር ላይሲንን ያስራል፣ እድገትን ይገታል። የሥጋ ዶሮ በኪሎ መኖ እስከ 100 ሚሊ ግራም ይችላል። ፋጉሎው 0.1 በመቶ ነጻ ጎሲፖል ካለውና 10 በመቶ ከገባ ልክ 100 ሚሊ ግራም ላይ እንደርሳለን። መከላከያው ብረት ነው፤ በክብደት አንድ ለአንድ። ሰባት ውኃ ያለው ፌረስ ሰልፌት አንድ አምስተኛው ብረት ስለሆነ ለዚህ ምሳሌ በኩንታል መኖ 50 ግራም ይጨመራል። ይህን ሁሉ የሚያሰላ ሰው እንኳ ከ10ኛው ቀን በፊት ባይጀምረው እንመርጣለን።

ባቄላ፣ አተርና ግብጦን በአጭሩ፦ ሁሉም ሜታዮኒን ይጎድላቸዋል። አተር ከሁሉ የዋህ ነው፤ እስከ 10 በመቶ ይገባል። ባቄላ መፈጨትን የሚያውከው ታኒኑ ቅርፊቱ ላይ ስለሆነ ተገፍፎ ይሻላል። ግብጦ አልካሎይድ የሚባለው መራራ መርዙ ዝቅ ያለ ጣፋጭ ዝርያ ካልሆነ አይነካ።

ከእጽዋት ወገን ለጫጩት በእውነት የሚመቹት የድንች ፕሮቲንና የበቆሎ ግሉተን ናቸው። የድንች ፕሮቲን ከ75 በመቶ በላይ ፕሮቲን ያለውና ላይሲኑም የተሟላ ነው፤ ውድ ቢሆንም ጫጩት የሚበላው 300 ግራም ስለሆነ 2 ወይም 3 በመቶ ማስገባት አይከብድም። ግሉተን 60 በመቶ ፕሮቲን ይኑረው እንጂ ላይሲኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከላይሲን ጋር ካልሆነ ብቻውን አይጠቅምም። የቢራ እርሾ እስከ 5 በመቶ ጥሩ ነው። የሽፈራው ቅጠልና አዞላ የሚባለው የውኃ ተክል በተደጋጋሚ ቢወደሱም አሰራቸው ለጨቅላ አንጀት ስለሚበዛ እስከ 10ኛው ቀን ይቆዩ።

መተካት እንዴት ይሰላል?

በፕሮቲን መቶኛ ሳይሆን በላይሲን ተኩ። ምሳሌ፦ በኩንታል መኖ ውስጥ 5 ኪሎ አኩሪ አተር አውጥተን 5 ኪሎ የተላጠ የሱፍ ፋጉሎ አስገባን እንበል። አኩሪ አተሩ በኪሎ 25.5 ግራም፣ ሱፉ 10 ግራም የሚፈጭ ላይሲን ካላቸው ልዩነቱ 15.5 ግራም ነው፤ በ5 ሲባዛ 77.5 ግራም ጎደለ። የላይሲን ሃይድሮክሎራይድ 78 በመቶው ላይሲን ስለሆነ 100 ግራም ገደማ ሲጨመር ይሞላል። ሱፉ በኪሎ 550 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያንሳል፤ በ5 ኪሎ 2,750 ሆነ። ግማሽ ኪሎ በቆሎ ወጥቶ ግማሽ ኪሎ ዘይት ሲገባ ይካካሳል።

አሁን ሙሉ ቀመር። ስቡ የተጨመቀ የእጭ ዱቄት 5 በመቶ የገባበት፣ ለ100 ኪሎ፦ በቆሎ 56.2፣ ባለ 46 በመቶ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 32.5፣ የእጭ ዱቄት 5፣ የአትክልት ዘይት 2፣ ዳይካልሲየም ፎስፌት 1.7፣ የኖራ ድንጋይ 0.8፣ ጨው 0.25፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት 0.25፣ ዲኤል ሜታዮኒን 0.36፣ ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ 0.27፣ ትሪዮኒን 0.15፣ የቪታሚንና ማዕድን ፕሪሚክስ 0.5፣ ከተሸካሚው ጋር ፋይቴዝ 0.02። ይህ 22.7 በመቶ ገደማ ድፍድፍ ፕሮቲን፣ ወደ 1.28 በመቶ የሚፈጭ ላይሲንና ወደ 2,950 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። የኖራ ድንጋዩ ልክ የእጩ ካልሲየም 3 በመቶ ገደማ ነው በሚል የተያዘ ነው፤ የእናንተ ሲለይ አስተካክሉት። የንጥረ ነገሮቹም ይዘት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ቀመሩ መነሻ ነው፣ የላቦራቶሪ ውጤት ይገዛዋል።

ሶዳው (ሶዲየም ባይካርቦኔቱ) ለምን ገባ የሚል ይኖራል። አኩሪ አተር ሲቀንስ ፖታሲየም አብሮ ይቀንሳል፤ ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ ደግሞ ክሎራይድ ይዞ ይመጣል። ሶዲየምና ፖታሲየም ተደምረው ክሎራይድ ሲቀነስ በኪሎ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ኢኩቫለንት (የማዕድናቱ ኤሌክትሪካዊ ሙል የሚለካበት አሃድ) መሆን ይገባዋል። ሶዲየሙን በሙሉ በጨው ከሞላነው ክሎራይዱ ይበዛና ሚዛኑ ይወርዳል፤ ጫጩቱ በደንብ አይበላም። ከፊሉን በሶዳ መስጠት መፍትሔው ነው። ብዙ የአማራጭ ፕሮቲን ሙከራ የከሸፈው በፕሮቲኑ ሳይሆን በዚህ በተረሳ ሂሳብ ነው።

አደባለቁ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ 150 ግራም ትሪዮኒን 100 ኪሎ ውስጥ በቀጥታ ተጥሎ እኩል አይበተንም። አሚኖ አሲዶቹን፣ ፕሪሚክሱንና ፋይቴዙን በቅድሚያ ከ5 ኪሎ ደቃቅ በቆሎ ጋር በደንብ ቀላቅሉ፤ ከዚያ ግማሹ በቆሎ ከገባ በኋላ ማደባለቂያው ውስጥ ጨምሩት፤ ዘይቱ በመጨረሻ ይግባ። ቋሚው ማደባለቂያ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፣ አግድሙ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ዱቄት የሆነ መኖ ምንቃር ላይ ይጣበቃል፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የተፈረፈረ ፔሌት ቢገኝ ከሁሉ ይሻላል።

ጫጩቱ ምን ይላል?

ጫጩቱ ወደ ማደጊያው ቤት በገባ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ30 እስከ 40 ጫጩቶች ይዛችሁ ከአንገት ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በጣት ዳስሱ። ከመቶ 75ቱ፣ በ24 ሰዓት ደግሞ 95ቱ ሞልቶ ለስለስ ያለ ከረጢት ሊኖራቸው ይገባል። ደረቅና ጠጣር ከሆነ ውኃ አላገኙም። ባዶ ከሆነና ክፍሉ በበቂ ሞቆ ሳለ ከሆነ መኖው አልጣማቸውም፤ ያልታወቀው የጎመን ዘር፣ የደም ዱቄት ወይም የሻገተ ስብ መጀመሪያ ይጠርጠር።

ፊንጢጣው ላይ ኩስ የተለጠፈበት ጫጩት ከበዛ ያልተፈጨ ፕሮቲን ወይም የአኩሪ አተር ስኳር በዝቷል። ቡናማ አረፋ ያለው ኩስም እንዲሁ። ጉዝጓዙ ቶሎ ረጥቦ ኩሱ ግን ቅርጹን ከያዘ ጨውና ፖታሲየም ይመርመር። አማካይ ክብደቱ ጥሩ ሆኖ አንዳንዱ ግዙፍ አንዳንዱ ደቃቃ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአደባለቅ ነው።

አዲስ ፕሮቲን ስትሞክሩ መንጋውን በሙሉ አትስጡ። ከአንድ የእናት መንጋ፣ በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ውሰዱ፤ የወጣት እናት ጫጩት ከአሮጊቷ ስለሚያንስ መቀላቀሉ ውጤቱን ያበላሻል። ለእያንዳንዱ መኖ ቢያንስ አራት የተለያዩ ክፍሎች ይኑሩ፤ አንድ ክፍል ለአንድ መኖ ከሆነ ልዩነቱ የመኖው ይሁን የማሞቂያው ማወቅ አይቻልም። በ0፣ በ7ኛውና በ10ኛው ቀን መዝኑ፣ የተረፈውን መኖም መዝኑ። የ7ኛው ቀን ክብደት ከተለመደው መኖ ጋር እኩል ከሆነና ጉዝጓዙ ከደረቀ አማራጩ አልፏል።

ከታዳሚ የቀረበ አንድ ጥያቄ እንመልስ፦ እጩን ከነሕይወቱ መስጠት ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ጫጩቶቹ እያሳደዱ ስለሚበሉት እንቅስቃሴያቸውም ይጨምራል። ነገር ግን ሦስት ኪሎ ገደማ ትኩስ እጭ አንድ ኪሎ ደረቅ መሆኑን ቁጠሩ፤ የቀሩት ሁለት ኪሎዎች ውኃ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ከቀኑ መኖ 5 በመቶ ያህል፣ ትንንሾቹን እጮች መርጦ፣ በሰፊ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዲደርስበት አድርጎ መስጠት ይበቃል። ከ15 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን አንሡ፤ ጉዝጓዝ ውስጥ የገባ እጭ የታመመ መንጋ ኩስ በልቶ ተመልሶ ጫጩቱ አፍ ሊገባ ይችላል።